የመጀመሪያ ትንሽ ትራክተራችሁን ለመምረጥ፦ ከመግዛታችሁ በፊት ሶማሌ ተራ ሂዱ

መሀል አዲስ አበባ እየኖሩ ሆለታ፣ ሱሉልታ ወይም ሰንዳፋ በኩል ሁለት ሦስት ሄክታር የያዙ ብዙ ሰዎች አውቃለሁ። ከወላጅ የወረሰ አለ። ከዘመድ ጋር የእኩል የሚያርስ አለ። በኮንትራት የያዘም አለ። ትራክተር ሲገዙ አብዛኞቹ የሚሳሳቱት አንድ ቦታ ላይ ነው። መጀመሪያ ትራክተሩን ይገዛሉ። ቀጥለው ማረሻ ይፈልጋሉ። በመጨረሻ፣ ክረምቱ ገብቶ ማሽኑ ሲቆም፣ ለአንድ ፊልትሮ የመለዋወጫ ገበያውን ሶማሌ ተራን ከላይ እስከ ታች ይዞራሉ።

ቅደም ተከተሉን ገልብጡት። መጀመሪያ መሬቱ፣ ከዚያ ማረሻው፣ ከዚያ መለዋወጫው። ትራክተሩ ከሁሉም በኋላ ነው። ደረጃ አትዝለሉ፤ ከአንዱ ደረጃ የምታገኙት ቁጥር ለሚቀጥለው ያስፈልጋል።

ፍለጋውን ጥቅምት ወይም ኅዳር ላይ ጀምሩ። ግንቦት መጨረሻ ላይ ትራክተር የሚፈልግ ሰው መርጦ አይገዛም፤ የተገኘውን ይገዛል። ሻጩም ይህን በደንብ ያውቃል።

ደረጃ 1፦ መሬቱን ለኩ፣ ሥራውን በሰዓት አስሉ

ደብተር፣ ሜትር፣ 10 ሜትር ገመድ፣ ዶማና ግማሽ ውኃ ያለበት የፕላስቲክ ጠርሙስ ይዛችሁ ሂዱ።

1. ስፋቱን ለኩ። ገበሬው የሚነግራችሁ በጥማድ ነው። በግምት አራት ጥማድ አንድ ሄክታር ይሆናል፤ ግን ጥማድ እንደ በሬውም እንደ አፈሩም ይለያያል። በስልካችሁ ጂፒኤስ ዙሪያውን ተራመዱና ቁጥሩን ያዙ።

2. ተዳፋቱን ለኩ። አንድ ሰው ላይኛው በኩል ገመዱን መሬት ላይ ይያዝ። እናንተ 10 ሜትር ወደ ታች ውረዱና ገመዱን ወጥሩት። ጠርሙሱን ገመዱ ላይ አጋድማችሁ ውኃው እኩል እስኪሆን ጫፉን ከፍ አድርጉ። ከገመዱ ጫፍ እስከ መሬት ያለው ከ1 ሜትር ተኩል ከበለጠ ያንን ቦታ ለበሬ ተዉት። ለመጀመሪያ ጊዜ ትራክተር የያዘ ሰው እዚያ ላይ መሥራት የለበትም።

3. አፈሩን እዩ። ጥቁር መረሬ አፈር በበጋ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል፤ በክረምት እንደ ሊጥ ይለጠጣል። ዝናብ በጣለ ማግስት እፍኝ አፈር ጨብጡ። በጣቶቻችሁ መሀል ተለጥጦ ከወጣ በዚያን ቀን ትራክተር አይገባም። ቀይ አፈር ይቀላል፤ ነገር ግን ድንጋይ አይጠፋውም። ዶማውን አሥር ቦታ ላይ አሳርፉና ስንቱ ላይ ድንጋይ እንዳገኛችሁ ጻፉ።

4. ጠባቡን ቦታ ለኩ። የግቢው በር፣ ድልድዩ፣ በሁለት አጥር መሀል ያለው መንገድ። ትንሹን ቁጥር ጻፉ። ትራክተሩ ብቻ ሳይሆን ከኋላው የተንጠለጠለው መሣሪያም ማለፍ አለበት።

አሁን ወደ ሰዓቱ። ስሌቱ ቀላል ነው። የመሣሪያውን ስፋት በሜትር ከፍጥነቱ በኪሎ ሜትር አባዙና ለ10 አካፍሉ። ለመዞሪያና ለማስተካከያ ሩቡን ቀንሱ። የምታገኙት በአንድ ሰዓት የሚሠራው ሄክታር ነው።

ሦስት ሄክታር አላችሁ እንበል። ባለ ሁለት ዲስክ ማረሻ ግማሽ ሜትር ያህል ስፋት ያርሳል። በሰዓት 4 ኪሎ ሜትር ሲሄድ 0.2 ሄክታር፣ ሩቡ ሲቀነስ 0.15 ይሆናል። ስለዚህ ሦስቱ ሄክታር 20 ሰዓት ይወስዳል። ባለ 1.2 ሜትር መከስከሻ (የታረሰውን ጓል የሚያደቅቀው) በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር እየሄደ ሁለት ጊዜ ቢያልፍበት ደግሞ ሌላ 13 ወይም 14 ሰዓት ነው። ጠቅላላው ወደ 34 ሰዓት ይመጣል።

ይህን ቁጥር ደጋግማችሁ እዩት። ሦስት ሄክታር ለአንድ ምርት ዘመን የሚፈልገው የትራክተር ሥራ 34 ሰዓት ነው። ቀሪውን ዓመት ማሽኑ ቆሞ ጎማው ይሰነጠቃል። በእኔ እምነት የዓመቱ ሥራችሁ ማጓጓዙም፣ ውኃ መሳቡም፣ ለጎረቤት በኪራይ ማረሱም ተጨምሮ 100 ሰዓት ካልሞላ አትግዙ። ተከራዩ። ለመግዛት ከቆረጣችሁም ቢያንስ አንድ ወቅት ተከራይታችሁ ኦፕሬተሩ አጠገብ ቆማችሁ እዩ።

መሬቱ ከአንድ ሄክታር በታች ሆኖ አትክልት ከሆነ ከኋላው እየተራመዱ የሚነዱት ባለ ሁለት ጎማ ትራክተር ይበቃል። ጉልበቱ ብዙ ጊዜ ከ8 እስከ 15 ፈረስ ነው። በደረቅ መረሬና ድንጋይ በበዛበት ቦታ ግን የሰውን ክንድ ይጨርሳል።

ደረጃ 2፦ ማረሻውን ከትራክተሩ በፊት ምረጡ

ትራክተር ብቻውን አያርስም። በጀታችሁን ስትሠሩ ገንዘቡን ሁሉ ትራክተሩ ላይ አታፍስሱ። የማረሻውን፣ የመከስከሻውንና የተጎታቹን ዋጋ መጀመሪያ ነጥላችሁ አስቀምጡ።

ድንጋይና ሥር ላለበት ወይም ለደረቀ መሬት ዲስክ ማረሻ ያዙ፤ ዲስኩ እንቅፋት ሲያገኝ እየተንከባለለ ያልፋል። አፈሩ ለስላሳና ድንጋይ የሌለው ከሆነ፣ በተለይ ለአትክልት፣ ሮታቫተር (በሚሽከረከሩ ቢላዎች አፈር የሚያደቅቅ መሣሪያ) በአንድ ጊዜ ያለሰልሳል። ሮታቫተር ስትመርጡ ከኋላ ጎማዎቹ ውጭኛ ጠርዝ ያልጠበበ ይሁን። ካልሆነ የራሳችሁ ጎማ የረገጠው መስመር ሳይታረስ ይቀራል።

ቀጥሎ ያለው ብዙ ሰው የሚሰናከልበት ነው። መሣሪያው ከትራክተሩ ጋር የሚገናኘው በሦስት ነጥብ ማያያዣ ነው። ይህ ማያያዣ መጠን አለው።

ምድብ 1፦ የላይኛው ፒን 19 ሚሊ ሜትር፣ የታችኞቹ 22 ሚሊ ሜትር። ለአብዛኞቹ ትንንሽ ትራክተሮች ይህ ነው።

ምድብ 2፦ የላይኛው 25፣ የታችኞቹ 28 ሚሊ ሜትር። በግምት ከ40 ፈረስ ጉልበት በላይ ላሉት።

የመጀመሪያ ማረሻዬን የሸጠልኝ ሰው «ለሁሉም ይገባል» ብሎኝ ነበር። ሜዳ ላይ አውርደን ልናስር ስንል የማረሻው ፒን ከትራክተሩ ቀዳዳ ወፍሮ ተገኘ። ልዩነቱ የትንሽ ጣት ጥፍር ስፋት እንኳ አይሞላም። ሦስት ሰው በመዶሻ ሞከረ። አልገባም። ቅዳሜ ነበር፣ ዝናቡም እየመጣ ነበር፣ የሚታረሰው መሬት ፊታችን ተዘርግቶ ቆመን ቀረን። ከዚያ ወዲህ ካሊፐር (የውፍረት መለኪያ) ሳልይዝ ማረሻ ለማየት አልሄድም።

መጠኑ ከተሳሳተባችሁ፦ የማረሻው ፒን ቀጭን ሆኖ የትራክተሩ ቀዳዳ ከሰፋ በልኩ ቡሽ (የብረት ቀለበት) አስገቡበት፤ ቀላል ነው። ፒኑ ወፍሮ ቀዳዳው ከጠበበ ማረሻው ላይ ያሉትን ፒኖች በትክክለኛው መጠን አስቀይሩ። የትራክተሩን የክንድ ቀዳዳ በመሰርሰሪያ አታሰፉ። ይሰነጠቅና ማረሻው ሥራ ላይ እያለ ይለቃል።

ደረጃ 3፦ የፈረስ ጉልበቱን ለደጋው አስተካክሉ

ወረቀቱ ላይ ያለው የፈረስ ጉልበት ለባሕር ወለል የቀረበ ከፍታ ላይ የተለካ ነው። እኛ የምናርሰው ደጋ ላይ ነው። አየሩ ሲሳሳ ቱርቦ (አየር ገፍቶ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ናፍጣ ሞተር በየ300 ሜትሩ 3 በመቶ ያህል ጉልበት ያጣል። ሆለታ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ስምንት ጊዜ 3 ማለት 24 በመቶ ነው። ሻጩ «35 ፈረስ» ያላችሁ ማሽን እዚያ 27 ፈረስ ያህል ሆኖ ይደርሳችኋል። ደብረ ብርሃን ከወሰዳችሁት ደግሞ ከዚያም ይቀንሳል። ቱርቦ ያለው ሞተር ጉልበቱን በተሻለ ይይዛል፤ ስለዚህ ሻጩን «ቱርቦ አለው ወይ?» ብላችሁ በግልጽ ጠይቁ።

ከሁለት እስከ አምስት ሄክታር ላለው መሬት፣ ቀይ አፈር ከሆነ በወረቀት ከ30 እስከ 40 ፈረስ ጉልበት ያለውን ፈልጉ። መረሬ ከሆነ ወደ 45 እና 50 ተጠጉ፤ በአራቱም ጎማ የሚጎትት ቢሆን ይመረጣል።

ክብደትም አትርሱ። ቀላል ትራክተር ጉልበት ቢኖረውም ጎማው ባዶውን ይዞራል። ስትፈትኑት እንዲህ አድርጉ። የኋላ ጎማው ላይ በጠመኔ ምልክት አድርጉ። ማረሻው ከፍ ብሎ ጎማው 10 ጊዜ ሲዞር የሄደውን ርቀት ለኩ። ከዚያ ማረሻውን አውርዳችሁ እያረሰ 10 ጊዜ ሲዞር ለኩ። መጀመሪያ 40 ሜትር ሄዶ ከነበረ እያረሰ ከ34 ሜትር መውረድ የለበትም። ከወረደ የማረሻውን ጥልቀት ቀንሱ ወይም ክብደት ጨምሩ። ያም ካልረዳ ያ ትራክተር ለዚያ መሬት አይሆንም።

ደረጃ 4፦ ሶማሌ ተራ ሂዱ

እስካሁን ትራክተር አልመረጣችሁም። ሁለት ወይም ሦስት ሞዴል በሐሳባችሁ ይዛችሁ ይሆናል። አሁን እነዚህን ሞዴሎች በዓይናችሁ ሳይሆን በመለዋወጫቸው ፈትኑ።

1. የእያንዳንዱን ሞዴል የሞተር ዓይነትና ቁጥር ጻፉ። ሰሌዳውን በስልክ ፎቶ አንሱ።

2. እነዚህን አሥር ዕቃዎች በወረቀት አስፍሩ፦ የዘይት ፊልትሮ፣ የናፍጣ ፊልትሮ፣ የአየር ፊልትሮ፣ ቺንጊያ፣ የውኃ ፖምፓ፣ ሞተሪኖ (ሞተር ማስነሻው)፣ የፍሪሲዮን ዲስክ፣ የቴስታታ ጓርኒሲዮን (የሞተሩ ራስ ማሸጊያ)፣ ኖዝል (ናፍጣ የሚረጨው)፣ የፊት ጎማ ካላማዳሪ (የውስጥ ጎማ)።

3. በሥራ ቀን ጠዋት ሂዱ። ከተክለሃይማኖት ወደ ሶማሌ ተራ በእግር ግቡ፤ መኪና ይዛችሁ አትግቡ፣ ማቆሚያ ስትፈልጉ ጠዋቱ ያልቃል።

4. ለእያንዳንዱ ዕቃ ቢያንስ ሦስት ሱቅ ጠይቁ። መልሱን ከሦስቱ በአንዱ መዝግቡ፦ «አለ»፣ «ነገ»፣ «ይመጣል»። «አለ» ካሉ «ላየው» በሉ። በዓይን ያልታየ ዕቃ «አለ» ተብሎ አይቆጠርም።

5. ከአሥሩ ቢያንስ ሰባቱ መደርደሪያ ላይ ካልተገኙ ያንን ሞዴል ሰርዙ። ምንም ያህል ቢያምር፣ ምንም ያህል ቢረክስ ሰርዙት።

ዕቃ ስትጠይቁ ስም አትጥሩ፤ ቁጥር ስጡ፣ ከተቻለ አሮጌውን ዕቃ ያዙ። አንድ ቀን የናፍጣ ፊልትሮ ፍለጋ ገባሁ። ባለሱቁ በዕድሜ የገፉ ሰው ናቸው። የትራክተሩን ስም ስነግራቸው «ልጄ፣ ስሙን ተወው፤ አሮጌውን አምጣ» አሉኝ። ከፌስታል አወጣሁት። ናፍጣው ባንኮኒው ላይ ተንጠባጠበ። በጨርቅ ጠረጉና ከመደርደሪያ አንድ አዲስ አውርደው ሁለቱን ጎን ለጎን አቆሟቸው። ቁመታቸው እኩል፣ ቀለማቸው አንድ። እኔ እጄን ወደ ኪሴ ሰድጃለሁ። እሳቸው ግን ሁለቱንም ገልብጠው የላስቲኩን ቀለበት በአውራ ጣታቸው ዳበሱ። የአዲሱ በትንሹ ይጠብ ነበር። «ይገባልሃል፤ ግን አየር ይስባል። ሞተሩ እየጠፋ ሲያስቸግርህ ፖምፓ ነው ይሉሃል» አሉና መልሰው መደርደሪያው ላይ አስቀመጡት። ሊሸጡልኝ ይችሉ ነበር። ትክክለኛውን አምስተኛው ሱቅ አገኘሁት። እኚያን ሰው ግን ዛሬም ዕቃ ሳያስፈልገኝ ገብቼ ሰላም እላቸዋለሁ።

እንዲህ ያለ ሰው ስታገኙ ሌላም ነገር ጠይቁ፦ «ጋሼ፣ የዚህን ሞዴል ዕቃ በብዛት የሚወስድ ማነው? ከየት አካባቢ ነው የሚመጣው?» መልሱ መካኒኩ የት እንዳለ ይጠቁማችኋል። ዕቃው ወደ ሆለታ የሚሄድ ከሆነ ሆለታ ላይ የሚፈታውና የሚገጥመው ሰው አለ ማለት ነው።

በብዙ አገር የተሠሩ የቆዩ ሞዴሎች እዚህ ላይ ብልጫ አላቸው። ለምሳሌ ማሴ ፈርጉሰን 240 ባለ ሦስት ሲሊንደር ፐርኪንስ ሞተር አለው፤ ዕቃውም ከአንድ አገር ብቻ አይመጣም። አዲስ ብራንድ አትግዙ እያልኩ አይደለም። አዲሱም ያንኑ የአሥር ዕቃ ፈተና ይለፍ።

ደረጃ 5፦ አዲስ ከሆነ እነዚህን በጽሑፍ ተቀበሉ

ሻጩ ከንፈሩ ላይ ያለው ዋስትና አይሠራም። ፕሮፎርማው ላይ ወይም ውሉ ላይ ይግባ።

ዋስትናው በወርም በሰዓትም ስንት ነው? ማሽኑ ማሳ ላይ ከቆመ መካኒክ ማን ይልካል? የመካኒኩን ትራንስፖርት ማን ይከፍላል? የመጀመሪያው ሰርቪስ በስንት ሰዓት ነው፣ በማን ወጪ? የፊልትሮዎቹ ዋጋ ስንት ነው? ማረሻው በዋጋው ውስጥ ነው ወይስ ለብቻው? «ለብቻው» የሚለው መልስ ብዙ ሰው ባንክ ከጨረሰ በኋላ ነው የሚሰማው።

ፕሮፎርማው ለስንት ቀን እንደሚጸና እዩ። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ የምንዛሪ ተመኑ በገበያ ስለሚወሰን ያለፈው ዓመት ዋጋ ይዛችሁ ብትሄዱ አይሠራም። ገንዘቡ ካልሞላላችሁ የካፒታል ዕቃ ሊዝ ፋይናንስ የሚሰጡ ድርጅቶች አሉ፤ የኢትዮጵያ ልማት ባንክም ይሰጣል። ጊዜ ስለሚወስድ ከጥቅምት ጀምራችሁ ጠይቁ።

ደረጃ 6፦ ያገለገለ ከሆነ ይህን ቅደም ተከተል ጠብቁ

የራሳችሁን መካኒክ ይዛችሁ ሂዱ። ገንዘቡን እናንተ ክፈሉት። ደላላው ያመጣው መካኒክ የደላላው ነው።

1. ሞተሩን በእጃችሁ ዳስሱ። ሳይነሳ ማግኘት አለባችሁ። ሞቆ ከጠበቃችሁ «ነገ ጠዋት፣ ሳታስነሳው እመጣለሁ» ብላችሁ ተመለሱ። አስቸጋሪ ሞተር ገዢ ከመምጣቱ በፊት ይሞቃል።

2. የዘይት መለኪያውን ዘንግ አውጡ። ዘይቱ ማኪያቶ ከመሰለ ውኃ ገብቶበታል። እዚህ ላይ ይብቃችሁ፤ ወደ ቀጣዩ አትሂዱ።

3. ሞተሩ ቀዝቃዛ እንደሆነ የራዲያተሩን ክዳን ክፈቱ። ውኃው ላይ ዘይት ከተንሳፈፈ የቴስታታ ጓርኒሲዮን ወይም ከዚያ የከፋ ችግር አለ።

4. አስነሡት፣ ጭሱን እዩ። ሲነሣ ትንሽ ነጭ ጭስ ምንም አይደለም። ከሞቀ በኋላም ነጭ ከሆነ የናፍጣ አረጫጨት ችግር ወይም ውኃ ነው። ሰማያዊ ከሆነ ዘይት እየበላ ነው፤ ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) አልቋል። ጥቁር ከሆነ አየሩ አንሶታል ወይም ናፍጣው በዝቷል። ጥቁሩ አንዳንዴ በአየር ፊልትሮ ብቻ ይስተካከላል፤ ሰማያዊው ግን ሞተር ማስፈታት ነው።

5. ሞተሩ እየሠራ የዘይት መሙያውን ክዳን በጥንቃቄ አላሉት። ጭስ እየገፋ ከወጣ ፒስተኑና ፋሻው ተበልቷል።

6. ፍሪሲዮኑን ፈትኑ። ፍሬን ያዙ፣ ከፍተኛ ማርሽ አስገቡ፣ ፍሪሲዮኑን ቀስ ብላችሁ ልቀቁ። ሞተሩ መጥፋት አለበት። እየጮኸ ከቀጠለ ፍሪሲዮኑ ይንሸራተታል።

7. በሁሉም ማርሽ ንዱት። ሽቅብ ላይ እየጎተተ ማርሽ የሚያስወጣ ከሆነ ካምቢዮው (የማርሽ ሳጥኑ) አልቋል።

8. ማረሻ አንጠልጥላችሁ ሞተሩን አጥፉ። 15 ደቂቃ ጠብቁ። ትንሽ ዝቅ ቢል ያለ ነው። መሬት ከነካ ሃይድሮሊኩ ያፈሳል። ሲጠብቁ ማረሻው ሥር ማንም እንዳይቆም።

9. ከኋላ የሚሽከረከረውን የኃይል ዘንግ፣ ፒቲኦውን፣ አስነሡና አጥፉ። ሲታዘዝ መቆም አለበት።

10. የፊቱን በክሪክ አንሥታችሁ ጎማዎቹን ወዘወዙ። የፊት አክሱ የመሀል ፒን ከላላ መሪው ማሳ ላይ አይታዘዝም።

11. ሰዓት ቆጣሪውን ከአካሉ ጋር አመሳክሩ። ቆጣሪ ይቀየራል። የፔዳሉ ላስቲክ፣ የወንበሩ ጠርዝና የመጎተቻው ፒን ቀዳዳ ግን አይዋሹም። ቆጣሪው 900 ሰዓት እያለ ቀዳዳው እንቁላል ቅርጽ ከያዘ ቆጣሪውን አትመኑ።

ከእነዚህ ፈተናዎች ሁለት ወይም ሦስቱን ከወደቀ ያንን የዋጋ መደራደሪያ አድርጉት ብሎ የሚመክራችሁ አይጠፋም። ለመጀመሪያ ጊዜ የምትገዙ ከሆነ አልስማማም። የራሳችሁ ጋራዥ የሌላችሁ ሰዎች የተበላሸ ሞተር በርካሽ ገዝታችሁ በውድ ነው የምትጠግኑት።

ደረጃ 7፦ ወረቀቱ

ሊብሬውን ከማሽኑ ጋር አገናኙ። የሻንሲውና የሞተሩ ቁጥር በደንብ ካልተነበበ ስስ ወረቀት ለጥፋችሁበት በእርሳስ ፈትጉ፤ ቁጥሩ ይወጣል። ዙሪያው የተገዘገዘ ወይም የተበየደ ከሆነ ተዉት።

ዲክላራሲዮኑን (የጉምሩክ ሰነዱን) ጠይቁ። የግብርና ማሽኖች ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ ከቀረጥ ነጻ እንዲገቡ ተፈቅዷል። ከቀረጥ ነጻ የገባ ዕቃ ግን እንደ ልብ ለማንም አይተላለፍም። የመተላለፉ ጉዳይ ንጹሕ መሆኑን ሳታረጋግጡ ቀብድ አትክፈሉ። የባንክ ዕዳ ወይም እገዳ እንዳለበትም ትራክተሩ ከተመዘገበበት የትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት አጣሩ። ውሉን በሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ ፊት ተፈራረሙ። ሰፈር ውስጥ በምስክር የተጻፈ ወረቀት ለትራክተር አይበቃም።

ቀብድ ከፍላችሁ ችግር ካገኛችሁ፦ ወዲያው በጽሑፍ አሳውቁ። ለዚህ ሲባል የቀብድ ወረቀቱ ላይ «ሰነዱ ችግር ከተገኘበት ቀብዱ ይመለሳል» የሚል መስመር ከመጀመሪያው አስገቡ።

ደረጃ 8፦ መጫንና ማውረድ

ትራክተሩን እየነዳችሁ ከከተማ አትውጡ። በኢሱዙ ወይም በሎቤድ (ወለሉ ዝቅ ባለ ተሳቢ) ጫኑት። ለከባድ መኪና የተከለከሉ ሰዓትና መንገዶች ስላሉ ከሹፌሩ ጋር ቀድማችሁ ተነጋገሩ።

ሳንቃ ላይ ሲወጣ ትራክተሩ ወደ ኋላ እየሄደ ይውጣ፤ ሲወርድ ፊቱን አስቀድሞ ይውረድ። ክብደቱ ኋላው ላይ ስለሆነ ፊቱን አስቀድሞ ሽቅብ ሲወጣ አፍንጫው ይነሣና ወደ ኋላ ይገለበጣል። በሳንቃ ፋንታ የአፈር ቁልል ብታገኙ የተሻለ ነው። ጫኑና የእጅ ፍሬን ያዙ፣ ዝቅተኛ ማርሽ አስገቡ፣ አራት ቦታ በሰንሰለት እሰሩ። ሰንሰለቱ የመሪውን ዘንግ እንዳይነካ።

ደረጃ 9፦ የመጀመሪያዎቹ 50 ሰዓታት

ለሥራው የሚስማማ መንጃ ፈቃድ የሌለውን ሰው አታስነዱ። የዘመድ ልጅ ቢሆንም።

በእነዚህ ላይ ምንም ድርድር የለም፦

ፒቲኦው እየዞረ ጋቢ ወይም ነጠላ የለበሰ ሰው አይጠጋ። በደቂቃ 540 ጊዜ ይዞራል፤ በሰከንድ ዘጠኝ ጊዜ ማለት ነው። የጋቢው ጫፍ ከተያዘ «አጥፋ!» ብሎ ለመጮህ እንኳ ጊዜ የለም። የዘንጉ መሸፈኛ ከተሰበረ እስኪቀየር ሥራ ይቁም።

የሚጎተት ነገር የሚታሰረው ከታች ካለው መጎተቻ ብረት ላይ ብቻ ነው። ከላይኛው ክንድ ላይ ካሰራችሁ ትራክተሩ ፊቱን አንሥቶ ነጂው ላይ ይገለበጣል።

የመገልበጥ መከላከያ ቅስት ካለው ቅስቱን አንሡ፣ ቀበቶውንም እሰሩ። ቅስት ከሌለው ወይም ከታጠፈ ቀበቶ አትሰሩ።

ጭቃ መጠበቂያው ላይ ልጅ አታስቀምጡ። ልጆች ይለምኗችኋል። እምቢ በሉ።

ናፍጣ በጀሪካን መቅዳት ቁጥጥር አለበት። ምን ዓይነት ደብዳቤ እንደሚያስፈልግ ከወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት አስቀድማችሁ ጠይቁ። የቀዳችሁትን አንድ ሌሊት አሳድሩት፤ ውኃውና ቆሻሻው ይዘቅጣል። የታችኛውን ሦስት ጣት ያህል ትራክተሩ ውስጥ አትጨምሩ።

ናፍጣ ጨርሶ ከቆመባችሁ፦ ናፍጣ ስለሞላችሁ ብቻ አይነሣም፤ አየር ገብቷል። ፊልትሮው ላይ ያለውን የአየር ማስወጫ ብሎን አላሉ። የእጅ ፖምፓውን ምቱ። አረፋው አልቆ ንጹሕ ናፍጣ ሲወጣ ብሎኑን አጥብቁ። ሞተሪኖውን በአንድ ጊዜ ከ10 ሰከንድ በላይ አትያዙ፤ ሞክሩ፣ አሳርፉ፣ ድገሙ።

ከጋለባችሁ፦ አቁሙ፣ ክዳኑን አትክፈቱ። አብዛኛውን ጊዜ ራዲያተሩ በጭድና በአቧራ ተደፍኗል። ሲበርድ ከማራገቢያው በኩል ወደ ውጭ በአየር ወይም በውኃ አጽዱት። ከፊት በኩል ከነፋችሁበት ጭዱን ወደ ውስጥ ታሽጉታላችሁ።

በ50ኛው ሰዓት ዘይቱን ቀይሩ። የወጣውን ዘይት ወዲያው አትድፉት። ንጹሕ ሳህን ላይ አድርጉና ፀሐይ ላይ ማግኔት አንቀሳቅሱበት። ማግኔቱ ላይ እንደ ዱቄት የደቀቀ ብረት ካገኛችሁ አዲስ ሞተር ሲለማመድ የሚያወጣው ነው። ጥፍር የሚያህል ቅንጣቢ ካገኛችሁ ሞተሩን አታስነሡ፤ ቅንጣቢውን በወረቀት ጠቅልላችሁ ያዙና ዋስትናውን የፈረመላችሁን ሰው ያን ዕለት ጥሩ።